ልየው የፈራው ጥያቄ

አንዲት አባባል አለች፤ ሰው ሁሉ በየነገሩ ላይ ይነሰንሳታል። ቧንቧ ሲበላሽ ይላታል፣ ሙሽራ ሲታጭ ይላታል፣ ሰፈሩን የማያውቅ ባለታክሲ መንገድ ሲጠፋበትም ይላታል። «ለመሆኑ ከየት መጣች?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ጣራ ጣራውን ያያል። እኔን ደግሞ ይኼ ነገር ያናድደኛል። አባባል መነሻ አለው እኮ! ስለዚህ አጎቴ እንዳጫወተኝ አጫውታችኋለሁ። እሱ ይኼን ሲያወራ ዓይኑን ይጨፍን ነበር፤ እኔም ልጅ ሆኜ አብሬው እጨፍን ነበር።

አገሩ ጉም ሜዳ ይባላል። የት ነው እንዳትሉኝ፣ አጎቴም አልነገረኝም። ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ረግረግ ጉም ይነሣና እስከ ረፋድ አገሩን ሸፍኖት ይቆያል። ቤት አይታይም፣ ዛፍ አይታይም፤ እጅህን ብትዘረጋ ጣትህን ታጣዋለህ። እዚያ አገር ሰው ማለዳ የሚነጋገረው ሳይተያይ ነው። «እንዴት አደራችሁ?» ይላል አንዱ ከነጩ ውስጥ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?» ይላል ሌላው፣ እሱም ከነጩ ውስጥ። የበሬ ቃጭል ይሰማል፣ በሬው የለም። የሰው ሳቅ ይሰማል፣ ሰውየው የለም። እንግዳ የመጣ እንደሆነ መጀመሪያ ሰሞን ነቅቶ ይሁን ተኝቶ አይገባውም ነበር አሉ።

አንድ ልማድም ነበራቸው፤ ያልተጠየቀ አይመክርም። ጎረቤት ሲሳሳት አይቶ፣ ሳይጠየቅ «እንዲህ አድርግ» ማለት በእነሱ ዘንድ «ቤቶች» ሳይሉ ሰው ቤት ዘው እንደ ማለት ነው። የጠየቃቸውን ግን፣ አቤት! የያዙትን ጥለው፣ ምጣድ ላይ ያለው እስኪያርር ድረስ ቆመው ያስረዱታል። እና ሰው ሲሳሳት እያዩ ዝም ማለቱ ራሱ እንዴት እንደሚያቃጥላቸው አስቡት።

እዚህ አገር ነው እንግዲህ ልየው የሚባል ሰው ከሚስቱ ከእማዋይሽ ጋር የመጣው። የአባቱን መሬት ሰባት ወንድማማች ተካፍለውት ለእሱ የደረሰው ጎጆ እንኳ የማታስቆም ቁራሽ ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው መሬት፣ በሰው ደጅ ተንከራተተ። እማዋይሽ ነፍሰ ጡር ናት፤ «ልጄን እንኳ በሰው ጓሮ አልወልድም» ብላ ምላለች። ልየው በዓለም ላይ ያለው ሀብት ሁለት በሬዎች ነበሩ፤ መኩሪያና ጎራው ይባላሉ። ወይ በሬዎች! ትከሻቸው ሰፊ፣ ሻኛቸው የቆመ፣ ሲሄዱ መሬቱ ድም ድም ይላል። ከደጋ፣ ከለስላሳ ጥቁር አፈር ነው ያመጣቸው።

የአገሩ ሽማግሌ አባ ጓንጉል ሰዎቻቸውን ሰብስበው መከሩና ጠሩት። «ከወንዙ ማዶ ያለው ሠርዶ ሜዳ ባለቤት የለውም» አሉት። «ዛሬ ግንቦት ልደታ ነው። እስከ ሰኔ ሚካኤል ገልብጠህ ከጠበቅኸን መሬቱ ያንተ ነው። ያልሆነ እንደሆነ ለከብቱ ግጦሽ ይመለሳል፤ አንተንም መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ።»

ልየው መሬቱን ሳመ። «ገልብጠህ ከጠበቅኸን» ያሉትን ግን ልቡ ላይ አጥብቆ ያዘው። እኔ ራሴ፣ በገዛ በሬዬ፣ ማንም ሳይረዳኝ ማለታቸው ነው አለ። ማንም አላለውም እንዲህ ብሎ፤ እሱ ነው ለራሱ ያለው።

በሌላው ነገር ግን እንደ ልየው ጠያቂ አልታየም። ማለዳ ጎጆው ደጅ ላይ ይቆምና ወደ ጉሙ ይጣራል።

«እናንት ሰዎች፣ የቱ ውሃ ነው የሚጠጣው?»

«ከሾላው ሥር ያለው!» ይላል ጉሙ በወንድ ድምፅ። «የታችኛው አልቅት አለበት፣ ለከብትም አይሆን።»

«ለምሰሶ የሚሆንስ?»

«ወይራ ነዋ፣ ልጄ!» የሚሉት ባል የሞተባቸው ጎረቤቱ እመት ላቀች ናቸው። «ባሕር ዛፉን ምስጥ ይግጠዋል፣ ከርሞ በላይህ ላይ ይናዳል።»

«ጎበዝ ቀጥቃጭስ ማን አለ?»

«እኔ አለሁ!» ይላል ሌላ ድምፅ፤ ያ ደግሞ ማረሻ ሠሪው አያ ደምለው ነው። አገሩ ሁሉ ይሥቃል። ልየው የሚሥቁትን ሰዎች አያይም፣ ግን ሆዱ ይሞቀዋል። በሁለት ሳምንት ጎጆው ቆመ፣ እማዋይሽም ከስንት ጊዜ በኋላ ስታንጎራጉር ተሰማች።

አንድ ቀን ማለዳ ከጉሙ ውስጥ አንድ በሬ ብቅ አለ። ጎኑ የከሳ፣ ቁመቱ አጭር፣ አንድ ቀንዱ የተጣመመ። የእመት ላቀች በሬ ነው፤ ስሙም ጭራሮ ይባላል። ልየው ለሚስቱ «እማዋይሽ፣ ነይ እይ እስቲ! ይኼ በሬ ነው ወይስ ፍየል?» አላትና ሣቀ። እመት ላቀች ከበሬያቸው ጀርባ አሥር እርምጃ ላይ ቆመው ነበር። ሰሙ፤ በሬያቸውን እየነዱ ወደ ነጩ ተመልሰው ገቡ።

ከዚያ እርሻው ተጀመረ። ሠርዶን የማታውቁ ካላችሁ፣ ላዩን ብታዩት የዋህ ሣር ነው። ሥሩ ግን ከመሬት በታች እርስ በርሱ ተቆላልፎ የተኛ ነው፤ አንዱን ስትይዘው መቶው ይይዝሃል። ልየው መኩሪያንና ጎራውን ጠምዶ ጅራፉን አጮኸ። በሬዎቹ ሳቡ። ማረሻው ሥር ያዘው። በሬዎቹ መቆም መቼ ያውቁና! ደጋ ላይ የለመዱት መሳብ ነው፣ ሳቡ። ማረሻው ተጣመመ።

አያ ደምለው ማረሻውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ሠርዶ ነው?»

«ሠርዶ ነው፣ አያ ደምለው።»

«እህ» አለ ሰውዬው፤ ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አቃንቶ ሰጠው።

በሦስተኛው ቀን ሞፈሩ ለሁለት ተሰበረ። አዲስ ሞፈር ጠርቦ ተመለሰ፣ ማረሻው እንደገና ታጠፈ። አያ ደምለው እንደገና «እህ» አለ፤ ፊቱ ግን የጥርስ ሕመም የያዘው ሰው መስሎ ነበር። እመት ላቀች በበኩላቸው ከንፈራቸውን እየነከሱ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ለሴት ልጃቸው «ይኼ ልጅ ይጠይቅና ልረፍበት፣ በእመቤቴ!» ይሏታል። ልየው ስለ ውሃ ይጠይቃል፣ ስለ ዶሮ በሽታ ይጠይቃል፣ ስለ እርሻው ግን ትንፍሽ አይልም። ሰኔ ባተ። ሰኔ ሦስት ቀን ቀንበሩ ተሰነጠቀ፣ መኩሪያም ትከሻው ተልጦ ሜዳው ላይ ተንበረከከ። የተገለበጠው መሬት የአንድ አውድማ ያህል አይሆንም።

ልየው በሬው አጠገብ ተቀመጠና አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው፣ ግን አለቀሰ። እማዋይሽ ሆዷን ይዛ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለምን አትጠይቃቸውም?» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«ሠርዶውን ምን ላድርገው ብለህ ነዋ! ስለ ዶሮ በሽታ ስትጠይቅ አላፈርህ።»

«አንቺ አይገባሽም። አቃተው ካሉ መሬቱን ይወስዱብናል። ገልብጠህ ነው ያሉኝ፣ እኔን ነው ያሉኝ።»

«አሁንስ ሊሰጡህ ነው?» አለች እማዋይሽ በቁጣ። «በዘጠኝ ቀን ውስጥ እንደገና ጓዜን ጠቅልዬ መንገድ ልወጣ ነው። እኔ ልጄን መንገድ ላይ ልወልድ ነው! አንተ ማንን ነው የምታፍረው?»

በማግሥቱ ማለዳ ጉሙ ከወትሮው ወፍሮ ነበር። ልየው ሠርዶ ሜዳው መሐል ቆመ፤ ፊቱ ነጭ፣ ኋላው ነጭ፣ እግሩም አይታየው። በዓለም ላይ እሱ ብቻ የቀረ መሰለው። ከዚያ ጮኾ ተጣራ።

«እናንት ሰዎች! አቃተኝ! ይኼን ሠርዶ ምን ላድርገው?»

ጉሙ ሁሉ ባንድ ጊዜ መናገር ጀመረ!

«በሬህን ለውጥ!» «ጅራፉን ጣለው!» «አግድም ግባበት፣ በቁመቱ አትሂድ!» «ሥሩን ከኋላ የሚለቅም ሰው ያስፈልግሃል!» «ኧረ ቆይ፣ እኔ ልንገረው!» ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከኮረብታው ላይ፣ የሴት የወንድ፣ የሽማግሌ የልጅ ድምፅ። ሦስት ሳምንት ያህል ጉሮሯቸው ላይ ይዘውት የከረሙት ምክር ሁሉ ባንዴ ፈሰሰ። አያ ደምለው ከሁሉ በላይ ይጮኻል፤ «ሁለት ጊዜ ማረሻህን ስቀጠቅጥ እኮ ልቤ ሊፈነዳ ነበር! ተመስገን፣ ጠየቀ!»

ልየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲገልጠው እመት ላቀች ከጉሙ ወጥተው ፊቱ ቆመዋል፣ ጭራሮን በገመድ ይዘው።

«ፍየሌን ይዤ መጣሁ» አሉት።

«እመት ላቀች… ሰምተውኛል እንዴ? አፈር በበላሁ! እግርዎን ልሳም፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ተው፣ ተነሥ! እግሬን ስመህ ሠርዶው አይታረስም። ደምለው፣ ያንተን በሬ አምጣና እናቀናጀው!»

የእሳቸው አንድ በሬ፣ የአያ ደምለው አንድ በሬ፣ ባንድ ቀንበር ገቡ። በዚያ አገር አንዳንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሰዎች የሚያርሱት እንዲህ ተቀናጅተው ነው። ልየው እርፉን ጨበጠ። ማረሻው ሥር ያዘው፤ ጭራሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልየው ጅራፍ ሊያነሣ ሲል እመት ላቀች ጮኹበት።

«እንዳትመታው! ሲቆም ቁም። እሱ ይኼን ሣር ከእናቱ ጡት ጋር ነው የለመደው፣ ሥሩ የት እንዳለ ከኔና ካንተ ይበልጥ ያውቃል።»

ጭራሮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። ማረሻው ላላ። ከዚያ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ወደ ጎን ሳበ፣ ሥሩም ተርርር ብሎ ተነቀለ። መቆም፣ መመለስ፣ ወደ ጎን መሳብ። እንዲህ እያሉ በጉሙ ውስጥ ሄዱ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሕልም ውስጥ እንዳለ ሰው። ልየው የሚያየው የጭራሮን ጭራ ብቻ ነበር፤ ከኋላው ሥር የሚለቅሙ ሰዎችን ወሬ ይሰማል፣ ከግራው ሌላ ጥማድ ሲገባ ይሰማል፣ ከቀኙ ሌላ። ስንት ሰው እንደመጣለት ያወቀው ረፋድ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ነው። ከአባ ጓንጉል በቀር አገሩ በሞላ ሜዳው ላይ ነበር። ያኔም አለቀሰ፣ ይኼኛው ግን ሌላ ልቅሶ ነው።

ሰኔ አሥራ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ትልም ተገለበጠ። በማግሥቱ በሚካኤል ማለዳ አባ ጓንጉል ከሽማግሌዎቹ ጋር መጡ። ጉሙ ስለሸፈነው መሬቱ አይታይም። አባ ጓንጉል ጫማቸውን አወለቁና በባዶ እግራቸው ወደ ነጩ ገቡ። ጠፉ። አፈሩ ከእግራቸው ሥር ሲፈረፈር ብቻ ይሰማል፤ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ፤ በሌላ በኩል ዞሮ እንደገና መጣ። ሰዉ ሁሉ ያዳምጣል። እማዋይሽ የባሏን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች።

ሽማግሌው ሲወጡ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አፈር ለብሷል።

«ተገልብጧል» አሉ። «ልጄ፣ በማን በሬ አረስኸው?»

ልየው አሰበ። በመኩሪያና በጎራው ቢልስ? ጎረቤቱ ሁሉ እዚያው ጉም ውስጥ ቆሟል፤ ሳይጠየቅ አይናገርም፣ ልማዱ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ናት፣ መሬቱም ጎጆውም ልጁም በእሷ ላይ ናቸው። እማዋይሽን አያት። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ።

«አባቴ፣ የኔዎቹ አልቻሉም። በእመት ላቀች ጭራሮ ነው፣ በአያ ደምለው በሬ ነው፣ በዚህ ሁሉ ሰው ጥማድ ነው። እኔ ብቻዬን አልገለበጥኩትም። ቃሉ ፈርሷል ካላችሁ መሬቱን ውሰዱ፤ ብቻ ሚስቴ እስክትወልድ ጎጆዋን አትንሷት።»

አባ ጓንጉል ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው መሣቅ ጀመሩ፣ ጉሙም አብሯቸው ሣቀ።

«አንተ ሞኝ! ብቻህን እረስ ያለህ ማነው? እኔስ ብሆን በጉብዝናዬ ወራት ከሩቅ ገበያ በሬ ነድቼ መጥቼ እዚሁ ሜዳ ላይ ስንት ማረሻ ሰበርኩ መሰለህ! ስላልዋሸኸኝ ጥሩ አደረግህ። መሬቱ ያንተ ነው፣ ልጅህም ይደግበት።» ከዚያ ጎንበስ ብለው የጭራሮን የተጣመመ ቀንድ መታ መታ አደረጉና፣ ጉም ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ!» አሉ።