አደይ አበባው ወደ ማን ይዙር?

አንድ ቀን ደሴ ከተማ ውስጥ አቶ አሊጋዝ የሚባሉ ባለጸጋ አዲስ ቤት ሠሩ። ቤት አልኩ እንጂ አገር ነው! ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት የሚሄድ ሰው ስንቅ ይቋጥራል። መጋረጃ ሰፊው ይመር ተጠራና ለየክፍሉ የሚስማማ መጋረጃ እንዲሠራ ታዘዘ። ለእንግዳ ክፍሉ ሐይቅ፣ ለልጆቹ ክፍል አንበሳ የተሳለበት መጋረጃ ሰቀለ። ሐይቁን ያየ እንግዳ ሱሪውን ሳይሰበስብ አይገባም። አንበሳውማ ከተሰቀለ ወዲህ የግቢው ውሻ ጓዙን ጠቅልሎ ጎረቤት ገባ።

መኝታ ቤቱ ላይ ግን ነገር መጣ። የአቶ አሊጋዝ ባለቤት እትዬ ዘምዘም፣ "ይመርዬ፣ እኔ ሌላ አልፈልግም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ አደይ አበባ ልይ፤ በቃኝ" አሉት። ይመርም ለእሳቸው ሲል ንብ የሚያታልል አደይ አበባ ያለበት ጨርቅ ፈልጎ ሰፋ። ሊሰቅለው መሰላል ላይ እንደወጣ፣ ሁሉን ነገር ከባለሙያው በላይ የሚያውቁት አቶ አሊጋዝ ደረሱ።

"አንተ! አበባውን ወደ ውስጥ ልታዞረው ነው? ታዲያ ያ ከማዶ ያለው ቦጋለ በምን ይቃጠል? ፊቱን ወደ መንገድ አዙር!"

"ጋሼ፣ እንዲያ ከሆነ እኮ ውስጥ የተኛ ሰው የሚያየው ግልባጩን…"

"መጋረጃ ልታስተምረኝ ነው? አዙር ብያለሁ!"

አዞረው። በማግስቱ መንገዱ በተመልካች ተዘጋ፤ ጎረቤታቸው ቦጋለ በቅናት ምሳ አልበላ አለ። ውስጥ ግን እትዬ ዘምዘም ጠዋት ጠዋት ስፌትና ክር ማየት ሲሰለቻቸው፣ ትራሳቸውን አንሥተው ወደ ልጆቹ ክፍል ሄዱ።

"ግልባጭ እያየሁ ከምነቃ ከአንበሳው ጋር ብተኛ ይሻለኛል!"

አቶ አሊጋዝ ይመርን በጥድፊያ አስጠሩት።

"መጋረጃህ ትዳሬን ሊበትነው ነው! በል መላ አምጣ። አበባው ከመንገድ ፊቱን አያዞርም። ሚስቴም አልጋዋ ላይ ሆና አበባውን ማየት አለባት። ሌላ ጨርቅ ልደርብበት እንዳትለኝ ደግሞ! ካቃተህ፣ ደሴ ውስጥ ማንም መስኮቱን እንዳያስነካህ አደርጋለሁ!"

ይመር ሜትሩን አወጣ። አልጋውን ለካ። ወጣና የመኝታ ቤቱን በር ለካ። ያንን የስንቅ መንገድ አቋርጦ የሳሎኑን በር ለካ፤ የግቢውንም በር ለካ። አቶ አሊጋዝ ከኋላው ኩስ ኩስ ይላሉ። እትዬ ዘምዘምም ትራሳቸውን እንዳቀፉ ብቅ አሉ።

"እህሳ! ይቻላል?"

"አብሽሩ፣ ጋሼ!" አለ ይመር ሜትሩን እየጠቀለለ። "መጋረጃውን ጫፉን አንነካውም። አልጋውን አስፋልቱ ላይ ማውጣት ብቻ ነው። ጋሽ ቦጋለም ከፈለጉ አጠገብዎ ጋደም ብለው ያዩታል። አልጋው እንደሆነ በሁሉም በር ያልፋል፤ ለክቼዋለሁ!"

እትዬ ዘምዘም ትራሱ ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። አቶ አሊጋዝ ራሳቸው መሰላሉን ያዙለት፤ አበባው ወደ ውስጥ ዞረ፤ እትዬም ትራሳቸውን ይዘው ወደ አልጋቸው ተመለሱ።

እስከዛሬ ያልተመለሰው ውሻው ብቻ ነው።