ውሃ የሸሻት ባለጉትዬ ወፍ

ጆሯችሁን ወዲህ አቅርቡ፤ ለቀበሮ ግን እንዳትነግሩብኝ። በአንድ ረግረግ መሃል አንዲት ባለጉትዬ ወፍ ሁለት እንቁላል ታቅፋ ነበር። የሷ ዓይነት ወፍ በአገሩ ከጥቂት በቀር አልቀረም። ጎጆዋን ከቀበሮ የሚጠብቅላት ዙሪያዋን የተኛው ውሃ ነው። አንድ ጠዋት ግን ውሃው መሸሽ ጀመረ። ቀበሮው ዳር ቁጭ ብሎ ምራቁን ዋጠ።

ወፏ ከእንቁላሎቿ ሳትነሳ ጮኸች። «ውሃ ሆይ፣ አትሂድብኝ!»

«ምን ላድርግ? ቦዩ ይስበኛል።»

«ቦይ ሆይ፣ አፍህን ዝጋ!»

«ዶማው እየከፈተኝ እንዴት ብዬ?» ዶማው ቦዩን ከፈተ፣ ቦዩ ውሃውን ሳበ፣ ውሃው ወፏን ከዳ፣ ቀበሮው አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ዶማ ሆይ፣ አትቆፍር!»

«አያ ደምለው ያነሳኛል።» አያ ደምለው የረግረጉ ዳር ገበሬ ነው፤ ልቡ ደግ፣ ራሱ ግን ድርቅ ያለ።

«አያ ደምለው፣ ዶማውን ጣልልኝ!»

«ላሜ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠች ሳር መድረስ አቃታት። መሬቱን ላደርቅላት ነው።» ላሟ ደምለውን አስነሳች፣ ደምለው ዶማውን አነሳ፣ ዶማው ቦዩን ከፈተ፣ ቦዩ ውሃውን ሳበ፣ ውሃው ወፏን ከዳ፣ ቀበሮው ሁለት እርምጃ ቀረበ።

«ላም ሆይ፣ ጠገብኩ በይ!»

«ምን በልቼ? ሳሩ ደረቀ።»

«ሳር ሆይ፣ ለምልም!»

«ያለ ውሃ? መጀመሪያ ውሃዬን መልሺልኝ።»

ሳሩ ላሟን አስራበ፣ ላሟ ደምለውን አስነሳች፣ ደምለው ዶማውን አነሳ፣ ዶማው ቦዩን ከፈተ፣ ቦዩ ውሃውን ሳበ፣ ውሃው ወፏን ከዳ፣ ቀበሮው የጎጆዋን ጫፍ አሸተተ። ወፏ ፈራች፤ የምትለምነው አልቀራትም። ግን አልተነሳችም።

ይሄኔ የደምለው ሚስት እናና ባዶ የወተት ጮጮ ይዛ መጣች። «አንተ ሰው፣ ላሟ ነጠፈች!»

«ሳር አጥታ ነው።»

«ሳሩስ?»

«ውሃ አጥቶ።»

«ውሃውን ማን ወሰደው?»

«ቦዩ።»

«ቦዩንስ ማን ቆፈረው?»

አያ ደምለው ዶማውን አየ፣ እጁን አየ፣ አፈረ። «ሳሩን እኔው አጭጄ አመጣላታለሁ» አለ።

«ጭቃ ገብተህ?»

«እስከ ወገቤም ቢሆን!»

ደምለው ዶማውን አዞረ፣ ዶማው አፈሩን መለሰ፣ አፈሩ ቦዩን ደፈነ፣ ቦዩ ውሃውን ለቀቀ፣ ውሃው ተመለሰ፣ ሳሩ ጠጣ። ቀበሮው ጥርሱን ሊሰካ አፉን ሲከፍት ውሃው ሆዱ ድረስ ደረሰበት፤ ቀበሮውም እየተንቦጫረቀ ሸሸ። ወፏም ክንፏን ዘርግታ እንቁላሎቿን ሸፈነች፤ ከሥሯም «ጭው!» የሚል የጫጩት ድምፅ ሰማች።