ከተነጋገሩት ሶፍትዌሮች በኋላ

የመሥሪያ ቤቱ ግዥ፣ መጋዘንና ሰው ኃይል ክፍሎች የየራሳቸው ሶፍትዌር ነበራቸው፤ አንዱ የላከውን ሌላው አያነብም። ስለዚህ አንዲት ምላሰኛ ተላላኪ ከአንዱ ክፍል የታተመውን ወረቀት ይዛ ወደ ሌላው ስትሮጥ ኖረች።

በመጨረሻ አንድ ባለሙያ መጥቶ ሦስቱን አገናኛቸው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ድልነሳው ደስታው አሰከራቸው። ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስበው፣ "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የማይነጋገር ነገር የለም" አሉና ተላላኪዋን አስጠርተው ደብዳቤ ሰጧት።

"ምንድን ነው ጋሼ?"

"የስንብት ደብዳቤሽ ነው። ሥራሽን ኮምፒውተሩ ወስዶታል።"

"እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ልትወጣ ስትል፣ "ቆይ፣ ምክትሌ ካልፈረመበት አይጸናም። ለአቶ መንበሩ አድርሺልኝ" አሏት።

አቶ መንበሩ የተቀመጡት እዚያው ከጎናቸው ነው። ሁለቱ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ተጣልተው ከተኮራረፉ አራት ዓመታቸው ነው፤ ቃል የሚለዋወጡትም በእሷ በኩል ብቻ ነበር።

ተላላኪዋ ደብዳቤውን በሁለቱ መካከል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን አራገፈች።

"እኔ እንኳ ተሰናብቻለሁ ጋሼ። ያ ባለሙያ ሩቅ ሳይሄድ ይጥሩትና፣ 'የማይነጋገሩ ሁለት ቀርተውሃል' ይበሉት።"