ጆሮውን ዘግቶ የቃኘው ሰው

አንድ ፈሪ ሰው ነበረ።

ሥራው ሙዚቃ ማቀናበር ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጦ የዘፋኙን ድምፅ ይቀርጻል፣ በኮምፒውተሩ ያጠራዋል፣ መሣሪያውን ከድምፁ ጋር ያዋህዳል። ትርሲት፣ አንቺም ልትይዢው የምትሞክሪው ሥራ እሱው ነው። ዛሬ መጥተሽ ድምፅ የሚጠራበትን የሶፍትዌሩን ፈተና ተፈትኜ የባለሙያነት ሰርተፍኬቱን ባወጣ ይጠቅመኛል ወይስ ከንቱ ልፋት ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። አዎ ወይም አይ ብዬ ልሸኝሽ እችል ነበር። ግን ስትጠይቂኝ ፍርሃትሽን አየሁት። እንግዲያው ቁጭ በይና የዚህን ሰው ነገር ስሚ።

ሰውየው ሥራውን ማንም አላስተማረውም። እየነካካ፣ እያበላሸ፣ እንደገና እየሠራ ነው የለመደው። ጆሮ ግን ነበረው። ዘፋኙ ገና አፉን ሲከፍት ገላው ይነግረዋል፤ ጥሩ ከሆነ ክንዱ ላይ ያለው ጠጉር ይቆማል፣ ካልሆነ ጥርሱን ያፋጫል። ዘፋኞች ይወዱታል፤ ሌላ ቦታ ሞክረው የተበላሸባቸውን ሁሉ ይዘው የሚመጡት እሱ ጋ ነው። እሱ ግን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ይገባና «ለመሆኑ አንተ የት ተማርህ?» ይለኛል ብሎ ይፈራል። ባለ ሰርተፍኬት አቀናባሪ ስቱዲዮው ብቅ ካለ ወንበሩን ለቆ «ኬብል ላምጣ» ይልና ይወጣል፤ እንግዳው እስኪሄድ ድረስ ውጭ ይቆማል። ሲመለስ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ምን ሆነህ ነው ሲሉት ሙቀቱ ነው ይላል፣ በሐምሌ።

ፍርሃቱ ሲብስበት ሰርተፍኬቱን ለማውጣት ቆረጠ። ትምህርቱን በኢንተርኔት ተከታተለ፣ ተፈተነ፣ አለፈ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጠቀመው። ስንት ዘመን በዳበሳ ሲያገኘው የኖረውን ነገር በስሙ አወቀው። የመጀመሪያው ቅጂ ምንም ቢሆን እንደማይነካ፣ ሥራ ሁሉ በግልባጩ ላይ እንደሚሠራ የተማረው እዚያ ነው፤ ከዚያ በፊት በአንዱ ላይ ሌላውን እየደረበ ስንቱን ድምፅ አጥፍቶት ነበር። ወረቀቱን በመስታወት አሠርቶ ደንበኛ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት ሰቀለው። ዱሮ በደጁ ዝር የማይሉ ሰዎች ይመጡ ጀመር። የማያውቅሽ ሰው ጆሮሽን ሊያይ አይችልም፤ ወረቀት ግን ያያል። ይህን አትናቂው።

ታዲያ ፍርሃቱ ሄደ? አልሄደም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። ዱሮ ሲሳሳት «ሳይማር ነው እኮ፣ ይህን ማድረጉም ተመስገን ነው» ይባልለት ነበር። አሁን ቢሳሳት ምን ሊባልለት ነው? ማመካኛውን በገዛ እጁ መስታወት ውስጥ አስገብቶ ሰቅሎታል። ሥራ ሲጨርስ ደጋግሞ ይፈትሻል። አስረክቦ ቤቱ ከገባ በኋላ እንኳ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቡ ድው ድው ይላል፤ አንድ ስህተት አግኝተውብኝ ነው ብሎ። ሥራውን መውደድ ቀስ በቀስ ተወ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ደረሰበት።

አንድ የባህል ድርጅት የቆዩ ዘፋኞችን ድምፅ አስቀርጾ ሊያስቀምጥ ፈለገና እሱ ጋ መጣ። ሥራው ሲያልቅ እንደ አንተው ያሉ ባለ ሰርተፍኬት ባለሙያዎች ያዩታል ተባለ። እሱም እየፈራ እሺ አለ።

ቀድሞ የመጣው ዘፋኝ ማሲንቆ የሚመታ ሽማግሌ ነበር። ጉሮሮው ውስጥ እብጠት ወጥቶበት ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ቀጥረውለታል። ሕይወትህ ይተርፋል፣ ድምፅህ ግን ይሄዳል ብለውታል። ይህን ሰምታ ሴት ልጁ እጁን ይዛ አመጣችው። ትንፋሹ ስለሚያጥረው እየመታ መዝፈን አልቻለም። ስለዚህ አሁን ድምፁ ብቻ እንዲቀረጽ፣ ማሲንቆውን ደግሞ ከሕክምናው ሲመለስ ከሥሩ እንዲጨምርበት ተስማሙ።

ሽማግሌው በአንቺሆዬ ቅኝት አንድ ዘፈን ዘፈነ። ሲጨርስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ የሚደግመው ትንፋሽ አልነበረውም። የአቀናባሪው ክንድ ላይ ጠጉሩ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ሊወጣ ሲል ኮምፒውተሩን በአገጩ አመለከተ።

«ልጄ፣ ከእንግዲህ እኔ ማለት እዚያ ውስጥ ያለው ነው። አደራህን» አለው።

አደራ ከባድ ነገር ነው። ብላ የተባለ ሰው ይበላል፣ አደራ የተባለ ሰው ግን እንቅልፉንም ያጣል። አቀናባሪው በሚቀጥለው ቀን ዘፈኑን ሊያጠራ ተቀመጠ።

እንግዲህ ያ ሶፍትዌር ድምፅን በመስመር ይስላል። በፒያኖ ቁልፎች ልክ የቆመውን አረንጓዴ፣ ከቁልፎቹ የወጣውን ቀይ ያደርገዋል። ማሽኑ ፒያኖ እንጂ ማሲንቆ አያውቅም፤ የሠሩት ሰዎችም አንቺሆዬን ሰምተው አያውቁም። አንቺሆዬ ደግሞ በሽማግሌው አፍ አንዳንዱ ድምፁ መኖሪያው ከቁልፍና ከቁልፍ መካከል ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ሲከፈት ከዳር እስከ ዳር ቀላ።

አቀናባሪው ይህን አላጣውም። ሽማግሌው እንዳልሳተ ጆሮው ነግሮታል። ነገር ግን በተፈተነው ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ነበረ፤ ቀይ የበዛበት ድምፅ ይሰጡሻል፣ አንድም ቀይ እንዳይቀር አስተካክይ ይሉሻል። ያ ጥያቄ ትዝ አለው። ባለሙያዎቹ ፋይሉን ከፍተው ሲያፈጡበት ታየው። ይህን ሁሉ ቀይ ሳያይ አለፈ? እውነት ይሄ ሰው ተፈትኖ አልፏል? ሲባባሉ ሰማቸው። ክፍሉ ውስጥ እኮ ማንም የለም። ፍርሃት ሸንጎ የሚሰበስበው ሰው በሌለበት ነው።

ማቃናት ጀመረ። የመጀመሪያውን ቀይ ጎትቶ ቁልፉ ላይ አስቀመጠው፤ አረንጓዴ ሆነ። መልሶ ሲያዳምጠው ጥርሱ ተፋጨ። ሁለተኛውን ጎተተ። ጆሮው እምቢ አለ። ይህን ጊዜ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የድምፅ ማጉያውን አጠፋው። ሙዚቃ አቀናባሪ ነው እንግዲህ! ድምፁን ዘግቶ፣ በዓይኑ ብቻ እያየ፣ ቀዩን ሁሉ እያነሳ አረንጓዴው ላይ አስቀመጠ። ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ አንድም ቀይ አልቀረም። ከፍቶ አላዳመጠውም። ማዳመጡን ፈርቶት ኮምፒውተሩን ዘጋና ወጣ።

ሽማግሌው ከሕክምናው ተርፎ ተመለሰ። አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ድምፅ የለውም፣ ማንሾካሾክም አይችልም። ማሲንቆውን ልጁ ይዛለታለች። የድርጅቱም ሰው ሥራው ሲያልቅ ልይ ብሎ መጥቶ ከተሰቀለው ወረቀት ፊት ለፊት ተቀምጧል። አቀናባሪው የሰላምታውን እጅ እንኳ በቅጡ አልጨበጠም፤ መዳፉ ርሶ ነበር። ዘፈኑን ከፈተው።

ሽማግሌው ድምፁን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የሞተ ዘመዱ በር ከፍቶ የገባበት ያህል ደነገጠም፣ ደስም አለው። ማሲንቆውን ታቀፈና ከድምፁ ሥር መምታት ጀመረ። ጥቂት አብረው ሄዱና ተጋጩ። ድምፁ አንድ ቦታ ቆመ፣ ክሩ ሌላ ቦታ። ሽማግሌው ደጋኑን አነሳ፣ ከመጀመሪያው እንዲከፈትለት በእጁ ምልክት ሰጠ። ተከፈተለት። እዚያው ቦታ ላይ ተጋጩ።

አቀናባሪው አሁን ይቆጣል ብሎ ጠበቀ። ይህ የኔ ድምፅ አይደለም ብሎ በጣቱ ይጠቁምብኛል፣ ይከሰኛል ብሎ አንገቱን ቀበረ። ሽማግሌው ግን አልተቆጣም። ፈራ። የገዛ እጁን ገልብጦ አየው፤ ጣቶቹን አሻሻቸው። ከዚያ የማሲንቆውን መቃኛ ማዞር ጀመረ። በሽታው ድምፁን ሲወስድ እጁንም ይዞበት የሄደ መስሎታል። ዕድሜ ልኩን ሲቃኘው የኖረውን ክር ማሽኑ ካለበት ለማድረስ ያጠብቃል፣ ያላላል፣ ይሞክራል። አንዱን ድምፅ ሲያስማማ ሌላው ይሸሸዋል። ላብ ከግንባሩ እየወረደ ፋሻውን አረጠበው።

ልጁ አንጀቷ አልችል አለ። ደክሞህ ነው አባዬ፣ ሌላ ቀን ይሁን አለችው። ራሱን ነቀነቀና ማዞሩን ቀጠለ። የድርጅቱ ሰው ወደ አቀናባሪው ጠጋ አለ፤ ምስኪን፣ እጁም አልቆበታል፣ ካስፈለገ ሌላ መቺ እናመጣለን አለው ቀስ ብሎ።

አቀናባሪው አፉን ቢይዝ ማንም አያውቅበትም ነበር። ሽማግሌው የሚከስበት አፍ የለውም። ልጅቷ በድካሙ አመካኝታለታለች። ባለሙያዎቹም ሲያዩት ቀይ አያገኙበትም። እንደ ልማዱ ኬብል ላምጣ ብሎ ሊወጣ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። ግን መቃኛው ሲጥ ሲጥ እያለ ሲዞር ሰማው፤ ክሩ ሊበጠስ ደርሷል። ሐኪሞቹ ሽማግሌውን ድምፅህ ይሄዳል ብለው ነግረውት፣ እሱም እሺ ብሎ ነው የሄደበት። እጅህም ይሄዳል ያለው ግን ማንም አልነበረም። እጁን አሁን፣ እዚህ፣ እያዩት የሚቀማው አቀናባሪው ራሱ ነው።

«አባባ፣ አይንኩት» አለ። አልተሰማም። እንደገና አለ። «መቃኛውን አይንኩት። የሳቱት እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ። ድምፅዎን የነካካሁት እኔ ነኝ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። የድርጅቱ ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየ፣ አቀናባሪውን አየ።

«አንተ ባለ ሰርተፍኬት አይደለህም እንዴ?» አለው።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሽ የኖረው። አሁን የሚሸሽበት ቦታ አልነበረውም።

«ነኝ» አለ። «ቀዩን ያዩብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

ከዚያ የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈተ። ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። ይህንን ያስተማረው ያው የሰርተፍኬቱ ትምህርት ነው፤ የሰውን ውለታ እንደማንክድ ሁሉ የእሱንም አንክድበትም። ቀይ በቀይ የሆነው ዘፈን ከማጉያው ወጣ። ሽማግሌው መቃኛውን ወደ ቦታው መለሰ፣ ትንሽ አዳመጠ፣ ገባበት። ድምፁና ክሩ ተገናኙ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሽማግሌው አቀናባሪውን አልመረቀውም፣ ይቅርም አላለውም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኑን ከጣቶቹ ላይ አላነሳም። እጁን ገና አላመነውም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰውየውን ፍርሃት ለቀቀው ብልሽ ዋሸሁሽ። ዛሬም ይፈራል፤ ነገር ግን ድምፅ ማጉያውን አያጠፋም።

እንግዲህ ትርሲት፣ ይጠቅማል ወይ ነበር ጥያቄሽ። ይጠቅማል። ልትማሪበት ከሆነ ነገ ጠዋት ተመዝገቢ። የማያውቁሽ ሰዎች በር እንዲከፍቱልሽ ከሆነም ተመዝገቢ፤ ነውር የለውም፣ እንጀራ ነው። ፍርሃትሽን እንዲያወጣልሽ ከሆነ ግን ተዪው። ሆድሽ ውስጥ ተቀምጦ የት ተማርሽ የሚልሽ ሰውዬ ማንበብ አይችልም። የፈለግሽውን ወረቀት ብትዘረጊለት ጥያቄውን አይተውም።

ደግሞም ጆሮሽን እንደዚያ ሽማግሌ ቁጠሪው። ልክ ሆኖ ሳለ የሚከራከርበት አፍ የለውም። የተማረ ነገር በልበ ሙሉነት ሲናገር ከሰማ የሳትኩት እኔ ነኝ ብሎ መቃኛውን ማዞር ይጀምራል፤ የሚያስቆመው ካላገኘ ክሩ እስኪበጠስ ያዞረዋል። ያን ቀን አይንኩት የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ፈታኞችሽ እዚያ አይኖሩም፣ እኔም አልኖርም። የምትኖሪው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ያውም እየፈራሽ።