ሙዚየም ያደረው ጽዋ

እዚህ ዋንዛ በር ከተማ፣ ሰው ክብሩን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሸክሙ ሲመጣ ወደ ኋላ ካለ የምንለው አባባል አለ። ልጆቹ ከጥንት የመጣ ይመስላቸዋል። ባለፈው አንድ የሰፈራችን አስተማሪ የአባቶች ቃል ነው እያለ ሲያስረዳ ሰምቼ አለፍኩ። የአባቶች አይደለም። የተባለበትን ቀን አውቃለሁ፤ የተናገሩትንም ሴትዮ አውቃቸዋለሁ፤ ነገሩም የመጣው በእኔ ጣጣ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ እንደሆነው እጽፈዋለሁ እንጂ አላሳምረውም።

ወረዳችን ሙዚየም ከፈተ። ሙዚየም የምለው የድሮውን የእህል መጋዘን ነው፤ ኖራ ቀቡትና ስሙ ተለወጠ። ኃላፊ ሆኖ የመጣው ልየው የሚባል ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነበር። በየቤቱ እየዞረ አሮጌ የእንጨት ዕቃ ያለው እንዲሰጠው ለመነ። ገበታ፣ ሙቀጫ፣ ቀንበር፣ መንሽ፣ በርጩማ፣ ያለ ሁሉ። ካልተሰበሰበ ነገ ልጆቻችሁ አያውቁትም አለን። ይህ ነገር ግራ አጋባኝ። እኔ ትናንት ጌሾ የወቀጥኩበትን ሙቀጫ ልጄ እንዴት አያውቀውም? ብቻ ልጁ ላቡ ጠብ እስኪል ሲለምን ሆዴ ራራ።

የእናቴ ገበታ ተሰንጥቆ ነበር። አንዱ ሙቀጫም ቂጡ ወልቆ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ከቤቴ ውጭ ያለው የጭቃ መደብ ላይ አወጣልሃለሁ አልኩት። "እኔ ባልኖርም ችግር የለም። መደቡ ላይ ያገኘኸውን ሁሉ ጠርገህ ውሰድ።"

ይህን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ወረቀት አውጥቶ ፈርሚ ቢለኝም ፈረምኩ።

አሁን ደግሞ ስለ ማኅበራችን መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የሚከተለው አይገባም። አስራ አራት ሴቶች ነን። ወር በገባ በአስራ ስድስት የኪዳነ ምሕረት ማኅበር እንጠጣለን። የማኅበሩ ጽዋ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተጠረበ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ነው። ሁልጊዜ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ተራዋ የደረሰ ሴት በእልልታ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች፤ ወሩን እሷ ጋ ያድራል፤ በአስራ ስድስት ቀን ደግሞ እሷ ትደግሳለች። ጽዋው ካላደረበት ቤት ድግስ የለም። ጽዋው የጠፋባት ሴት ከማኅበሩ ትሰረዛለች። እኔ የያዝኩት የእናቴን ቦታ ነው። እናቴ ስትሞት ከቤቷ ዕቃ ሁሉ አስበልጣ ያወረሰችኝ ይህን ነው፤ "ቦታዬን እንዳትለቂ" ብላ።

የዚያን ወር ጽዋው እኔ ጋ ነበር። የዋንዛ እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ድግሱ ሲቃረብ ባለ ተራዋ ጨርቁን ትፈታና የኑግ ዘይት ትቀባዋለች፤ ከዚያ ዘይቱን እንዲጠጣው የጠዋት ፀሐይ ታስመታዋለች። ሰኞ ማታ ቀባሁት። ማክሰኞ ማለዳ ገበታውንና ሙቀጫውን ለልየው መደቡ ላይ አወጣሁ። ከዚያ ጽዋውንም አውጥቼ እዚያው መደብ ላይ፣ ከጎናቸው አስቀመጥኩትና እህል ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄድኩ።

ለምን መደቡ ላይ እንዳትሉኝ። የጠዋት ፀሐይ የሚያርፈው እዚያ ብቻ ነው። እናቴም በሕይወቷ ሙሉ ያሰጣችው እዚያ ነው። እጄ ነው የሄደው፤ እኔ አላሰብኩም።

ስመለስ የልየው ጋሪ መጥቶ ሄዷል፤ መደቡ ተጠርጓል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ልጁ ቃሉን አክባሪ ነው ብዬ ዱቄቴን አስቀመጥኩ፣ ጌሾዬን ጠነሰስኩ። ወደ ማታ ነው ቀዩ ጨርቅ ምስማር ላይ ብቻውን ተንጠልጥሎ ያየሁት። ቆሜ ብዙ አየሁት። ጨርቁ አለ፤ ጽዋው የለም። ምንም ሊገባኝ አልቻለም።

በማግስቱ መጋዘኑ ሲከፈት ደረስኩ። የእናቴ ገበታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኛ በላዩ ንፍሮ የምናሰጣበት ነገር እንደ ሥዕል ተሰቅሎ ሳየው አፈርኩ፤ የማን ሐፍረት እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ጽዋው መስታወት ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ከፊቱ ወረቀት አለ። ፊደል ቆጥሬ አነበብኩት፤ "የእንጨት የቅቤ ዕቃ" ይላል።

"ልየው፣ ይህ የቅቤ ዕቃ አይደለም።"

"ምንድን ነው ታዲያ፣ እትዬ አንጓች?"

"የማኅበር ጽዋ ነው። የእመቤታችን።"

ልጁ ፊቱ በራ። ቶሎ ብሎ መስታወቱን ከፈተ፣ ወረቀቱን አነሳ። ሊሰጠኝ ነው ብዬ ነጠላዬን ዘርግቼ ቆምኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ ሌላ ወረቀት ላይ "የማኅበር ጽዋ" ብሎ ጻፈ፤ በቅቤው ቦታ አስቀመጠና መልሶ ቆለፈው። አመሰገነኝም። ለብዙ ዕቃ ታሪኩን የሚነግረው ሰው እንዳጣ፣ እኔ ግን በእግሬ መጥቼ እንደነገርኩት አጫወተኝ። ነጠላዬ እንደተዘረጋ ነው።

እሁድ፣ በአስራ ስድስት፣ ድግስ እንዳለብኝ፣ ጽዋው በስህተት እንደተወሰደ ነገርኩት። ስህተት እንደሌለ በትሕትና አስረዳኝ። መደቡ ላይ ያለውን ሁሉ ብያለሁ፤ ፈርሜያለሁ። መዝገብ የገባ ዕቃ ደግሞ ያለ በላይ አካል ደብዳቤ አይወጣም፤ ቢወጣ የሚጠየቀው እሱ ነው።

"ታዲያ አሁን የማን ነው?" አልኩት።

"የሙዚየሙ ነው።"

"ወሰዳችሁት ማለት ነው?"

"ተረክበናል።"

"እኔስ?"

"የእርስዎም ስም አለ። ለጋሽ ተብለው ተጽፈዋል።"

ለጋሽ ተብዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው፣ እማሆይ ወለተ ሃና ናቸው። ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ጽዋው ማታ ማታ የት እንደሚያድር ጠየቁኝ። መጋዘኑ ነው አልኩ። አንቺ ቤት አያድርም? አያድርም። እሳቸውም ግራ ገባቸው፤ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር አልገጠማቸውም።

ቅዳሜ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። አንዷ ሌላ ጽዋ እንዋስ አለች፤ እማሆይ በሰው ጽዋ ማኅበር አይጠጣም አሉ። አንዷ ድግሱ አንጓች ቤት ይሁን አለች፤ ሌላዋ ጽዋ ከሌለበት ማን ይበላል አለች። ጎረቤቴ ትሁኔ፣ ቀጥላ ባለ ተራ የነበረችው፣ ምላሷ ምላጭ ነው። ሥርዓቱ ሥርዓት ነው፣ አንጓች ትሰረዝ አለች።

"እናትሽ ያቆየችልሽን ቦታ በጋሪ ጭነሽ ሰደድሽው" አለችኝ።

እኔ ደግሞ ከያዝኩ አልለቅም። "ጽዋው የት እንዳለ አስራ አራታችንም እናውቃለን። የሚታይ ነገር ጠፋ ይባላል? የጠፋ ዕለት ሰርዙኝ።"

በእኔም ነገር አልተስማሙም። ድግሱ የት እንደሆነ ሳይቆረጥ ተበተንን።

እሁድ ጠላዬ ደርሷል፣ ድፎ ዳቦዬ ወጥቷል። ሰባት ሴቶች እኔ ቤት መጡ፣ ትሁኔም አለችበት። እማሆይና ሌሎቹ የሉም። ጠበቅን። ፀሐይ ከፍ ስትል የማኅበሩ ቄስ መምሬ ጫኔ መስቀላቸውን ይዘው ከበሩ ብቅ አሉ። ሌሎቹ መጋዘኑ በር ላይ ቆመዋል አሉ። "እኔ የትኛው ጋ ነው የምጸልየው?" ብለው ጠየቁኝ። ቄስ እኔን ሲጠይቁ እኔ ማንን ልጠይቅ? ጽዋው ያለው እዚያ ነው፤ ስለዚህ እንስራውንና ዳቦውን ተሸክመን ሁላችን ተነሳን።

ልየው እሁድ እሁድ ገበያተኛ እንዲጎበኝ ይከፍታል። ያን ሁሉ ነጠላ ለባሽ ሲያይ ጎብኚ መስለነው ተደሰተ። አሰልፎ አስገባንና ሙቀጫ ምን እንደሚሠራ ያስረዳን ጀመር። ትሁኔ እስኪጨርስ አዳመጠችውና ቆይ እስቲ፣ ዘነዘናው በየት በኩል ነው የሚያዘው አለችው። በቅንነት ሲያሳያት ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ከዚያ እማሆይ አንድ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። እሱ ደንግጦ ቅርስ ነው፣ አይቀመጡበት አለ። እሳቸው በርጩማ ካልተቀመጡበት ሌላ ምን እንደሚያደርጉት ጠየቁት። ሁላችንም በየበርጩማው፣ የቀረነውም መሬት ላይ ተቀመጥን። መምሬ ጫኔ ጸሎት አደረሱ።

የማኅበር እንግዳ አይጠይቅም፤ ጽዋው ያደረበት ቤት እስኪያቀርብለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ልጁ አንድ ጊዜ እኛን፣ አንድ ጊዜ በሩን ያያል።

"ልጄ" አሉ እማሆይ፣ "የእጅ ውሃ አታቀርብም?"

ከጥበቃው ጆግ ተውሶ አስታጠበን። መታጠቡ አለቀ። ከታጠበ እጅ በኋላ የሚመጣው እህል ነው፤ እህል የለም። ልየው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ ደጋሿ እርስዎ አይደሉም ወይ አለኝ። ነበርኩ አልኩት፤ ጽዋውን ሳትረከበኝ በፊት። ያመጣነው ዳቦ በር ላይ መኖሩን አይቶ ለምን አይገባም አለ። እማሆይ ከለከሉ። ደጋሽ ባለበት ቤት እንግዳ እህል ይዞ አይገባም፣ ደጋሹን ማዋረድ ነው አሉት።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ልጁ ክፉ አይደለም። አስራ አራት ሴትና አንድ ቄስ እጃቸውን ታጥበው ከፊቱ ሲቀመጡ፣ ይህን ችሎ የሚቆም የእኛ አገር ሰው የለም። ወጥቶ ሮጠ። ከማዶ ካለው ሻይ ቤት ዳቦ በካርቶን፣ ለስላሳ በሣጥን አስይዞ መጣ። በላን። ጽዋው ውስጥ ግን ለስላሳ አይገባም ብለው መምሬ ጫኔ ስለገገሙ፣ ለጽዋው ብቻ ከእኔ እንስራ ጠላ ተቀዳ። ልየውም መስታወቱን ከፈተ። ሁላችንም ከጽዋው ቀመስን፤ ለእሱም ደረሰው።

የእኔም ነገር እዚያው ተቆረጠ። እማሆይ አንጓች ጽዋውን አላጠፋችም፣ ቦታዋ የእናቷ ነው፣ አትሰረዝም አሉ። ግን አልደገሰችም፤ ከትሁኔ ቀጥላ እንደገና ትደግሳለች። ያንን ሁሉ ጠላ ተሸክሜ ልመለስ ነው ማለት ነው። የደገስኩ ነኝ ወይስ ያልደገስኩ፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ቦታዬ ስለተረፈ ግን ሙግት አላነሳሁም።

በመጨረሻ ተረካቢዋ ትሁኔ ተነሳች። ቀዩን ጨርቅ አውጥቼ ሰጠኋት። እልልታው ሲጀመር ልየው በሩ ላይ ቆመ። ዕቃው አይወጣም አለ።

እማሆይ አልተቆጡም። "ደግ ነው፣ አይውጣ። የዛሬ ወር በአስራ ስድስት እዚሁ እንመጣለን። ጠላ ግን አስጠምቅ፤ ለስላሳው ሆድ ይነፋል።"

"እስከ መቼ ነው የምትመጡት?"

"ጽዋው እዚህ እስካደረ ድረስ።"

ልጁ መዝገቡን አየ፤ እኛን አየ፤ ባዶውን የለስላሳ ሣጥን አየ። ከዚያ መዝገቡን ገልጦ ብዙ ጻፈ። ምን ጻፍክ ስለው "ለአገልግሎት ወጥቷል" አለኝ። ጽዋውን ራሱ አንስቶ ለትሁኔ አስጨበጣት። "የማኅበር ጽዋ" የሚለው ወረቀት ግን እስካሁን መስታወቱ ውስጥ አለ፤ ሰው እየመጣ ባዶውን ሣጥን ያያል፣ ያነባል፣ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል።

ስንወጣ ልየው እማሆይን ተከትሎ እስከ አጥሩ መጣ። የተናደደ አይመስልም፤ ከልቡ ያልገባው ነው የሚመስለው። "እማሆይ፣ እኔ የተቀበልኩት አንድ የእንጨት ዕቃ ነው፤ ይህ ሁሉ ከየት መጣብኝ?" አላቸው።

እማሆይ ወለተ ሃና መቋሚያቸውን ተደግፈው ዞሩና፣ "ልጄ፣ ጽዋ የወሰደ ድግስ ወለደ" አሉት።