የእታፈራሁ ቅባት

ልንገራችሁ ነው፤ ጆሮ ስጡኝ። እታፈራሁ የምትባል ሹሩባ ሠሪ ነበረች። ጣቷ ፈጣን፤ የከተማዋ ሙሽራ ሁሉ በእሷ እጅ ያለፈ። ታዲያ እጇ ላይ ችፌ አለባት። ችፌ ደግሞ አንድ ቀን አድሮ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፣ ቤተኛ ነው። ቅባቱን በየቀኑ ከቀቡት አርፎ ይቀመጣል፤ ቅባቱ ሲቋረጥ ይነሣል። የእታፈራሁ ቅባት ካለቀ ሦስት ወሩ ነው። እጇ ተሰነጣጠቀ፣ ያሳክካታል፣ ይደማል። ደንበኞቿም «ይጋባ ይሆን?» እያሉ መሸሽ ጀመሩ። አይጋባም፤ ግን ማን ይሰማል! የእሷ እንጀራ ደግሞ በእጇ ነው። የፈለገችው አንዲት ቅባት ብቻ።

ፋርማሲ ሄደች። «ወንድሜ፣ ቅባት ስጠኝ፤ እጄ ያሳክከኛል።»

«ያለ ማዘዣ አልሰጥም» አለ ፋርማሲስቱ። «የድሮው ማዘዣሽ ጊዜው አልፏል።»

ሆስፒታል ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። «ዶክተር፣ ማዘዣ ይጻፉልኝ፤ ፋርማሲው ያለ ማዘዣ ቅባት አልሰጥም አለ፣ እጄ ያሳክከኛል።»

«ያለ ካርድ አልጽፍም» አለ ሐኪሙ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ካርድ ክፍል ሄደች። «እትዬ፣ ካርዴን ያውጡልኝ፤ ሐኪሙ ያለ ካርድ ማዘዣ አልጽፍም አለ፣ ፋርማሲው ያለ ማዘዣ ቅባት አልሰጥም አለ፣ እጄ ያሳክከኛል።»

«ያለ ሪፈር ወረቀት አላወጣም» አሉ ሴትዮዋ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ። «ከጤና ጣቢያሽ አዲስ አጽፈሽ ነይ።»

ጤና ጣቢያ ሄደች። «እህቴ፣ ወረቀት ጻፊልኝ፤ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ያለ ወረቀት ካርድ አላወጣም አሉ፣ ሐኪሙ ያለ ካርድ ማዘዣ አልጽፍም አለ፣ ፋርማሲው ያለ ማዘዣ ቅባት አልሰጥም አለ፣ እጄ ያሳክከኛል።»

ነርሷ ደግ ናት፣ እዚያው ጻፈችላት። እታፈራሁ ወረቀቱን ይዛ ልትሮጥ ስትል፣ «ቆይ፣ ቆይ! ያለ ማህተም አልሰጥም። ማህተሙ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል» አለቻት።

ሰው እምቢ ካለ እንጨት ይለመናላ! እታፈራሁ መሳቢያው ፊት ተንበረከከች። «መሳቢያ ሆይ፣ ተከፈት፤ ነርሷ ያለ ማህተም ወረቀት አልሰጥም አለች፣ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ያለ ወረቀት ካርድ አላወጣም አሉ፣ ሐኪሙ ያለ ካርድ ማዘዣ አልጽፍም አለ፣ ፋርማሲው ያለ ማዘዣ ቅባት አልሰጥም አለ፣ እጄ ያሳክከኛል።»

«ያለ ቁልፍ አልከፈትም» አለ መሳቢያው። በዚያ ቤት እንጨቱም መልስ አያጣም። «ቁልፌ ማህተም ያዡ ጋሽ በላቸው ኪስ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን ሊድሩ ፈቃድ ወጥተዋል።»

ጋሽ በላቸው ቤት ሄደች። ዕለቱ ሐሙስ ነው፣ ሠርጉ እሑድ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ጋሽ በላቸው በሩ ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ በሞቴ፣ ቁልፉን ይስጡኝ፤ መሳቢያው ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ ነርሷ ያለ ማህተም ወረቀት አልሰጥም አለች፣ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ያለ ወረቀት ካርድ አላወጣም አሉ፣ ሐኪሙ ያለ ካርድ ማዘዣ አልጽፍም አለ፣ ፋርማሲው ያለ ማዘዣ ቅባት አልሰጥም አለ፣ እጄ ያሳክከኛል።»

«ቁልፉን ለሰው አልሰጥም፤ እኔም ንቅንቅ አልልም የኔ ልጅ» አሉ። «ባለቤቴ ሹሩባ ሠሪዋ ሳትመጣ ከዚህ በር እንዳትነሣ ብላኛለች። ልጄ በሌላ እጅ አልሠራም አለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ብንልክ ሴትዮዋ ቤቷ የለችም። እታፈራሁ ይሏታል፤ የት እንደምትዞር እንጃ!»

እታፈራሁ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ከዚያ እንባዋ። «እኔ ነኝ ጋሼ። የምዞረው እርስዎ ኪስ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ፍለጋ ነው።» እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው።

ሙሽራዋ የውብዳር ከጓዳ ሰምታ ወጣች። የተሰነጣጠቀውን እጅ አየችና ሳትፈራ ያዘችው። «አባዬ፣ ተነሣ!»

እንግዲህ ተከተሉኝ! የውብዳር አባቷን አስነሣች፣ አባቷ ቁልፉን አወጡ፣ ቁልፉ መሳቢያውን ከፈተ፣ መሳቢያው ማህተሙን ሰጠ፣ ማህተሙ ወረቀቱ ላይ አረፈ፣ ወረቀቱ ካርዱን አስወጣ፣ ካርዱ ማዘዣውን አጻፈ። እታፈራሁ ግን ማዘዣውን አይታ አልተነሣችም። «ዶክተር፣ የአንድ ወር ብቻ ነው እኮ! ሲያልቅ ይህን ሁሉ ሰው እንደገና ልለምን?» ሐኪሙ ቀና ብሎ እጇን አየ። እስከዚያ ቀን ካርዱን እንጂ እጇን አላየም ነበር። አፈረ፤ የስድስት ወር አድርጎ ጻፈላት። ማዘዣውም ቅባቱን አመጣ።

ቅባቱስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ ተአምር አልሠራም፤ ያለ ሁለት ሳምንት አላድንም!»

«በቃ፣ ሌላ ሹሩባ ሠሪ ፈልጊ» አለቻት እታፈራሁ ለሙሽራዋ፣ ሠርጉ ቤት ተመልሳ፣ አንገቷን ደፍታ።

«ሠርጉ ሁለት ሳምንት ይተላለፋል» አለች የውብዳር።

«ጠላው ይኮመጥጣል!» ጮኹ ጋሽ በላቸው።

«ይኮምጥጥ!»

«ሙሽራውስ?»

«ከወደደኝ ይጠብቃል።»

እታፈራሁ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሦስት ወር ሙሉ ሁሉም ሲያዘገያት ኖሯል፤ ለእሷ ብላ የዘገየች ግን ይህች የመጀመሪያዋ ናት።

በሠርጉ ዋዜማ የውብዳር ጭንቅላቷን እታፈራሁ ጉልበት ላይ አሳረፈች። የእታፈራሁ እጅ አልደማም፤ ሲሠሩና ሲያወሩ ዋሉ። እኔም ጨረስኩ። ቅባቱ ሊያልቅበት የተቃረበ ካለ፣ ተረቴን ትቶ ዛሬውኑ ይነሣ።