የአባ ጃርት በር

አንድ ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ በሚገኝ የግራር ጫካ ውስጥ፣ ሣር በል እንስሳት አመሻሽ ላይ ተሰብስበው የሚያድሩበት በእሾህ የታጠረ ግቢ ነበር። የዚህን ግቢ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ዘበኛ ሳይሆን ኮምፒውተር ነበር። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚሠራው አባ ጃርት በጻፈለት ፕሮግራም ነው። «እንዲህ ከሆነ ክፈት፤ እንዲያ ከሆነ ዝጋ» እያለ፣ ከጀርባው በነቀለው እሾህ ኪቦርዱን ጠቅ ጠቅ እያደረገ፣ ትእዛዙን መስመር በመስመር የጻፈው እሱ ነው።

አባ ጃርት ዕድሜው ገፍቷል፤ ዓይኑም ደክሟል። ከውጭ ሲያዩት እሾህ በእሾህ ነው፤ ውስጡ ግን ሆደ ቡቡ ነው። እምቢ ማለት አይችልም።

ፍየል መጥታ «አባ ጃርት፣ እኔ ዝናብ አልችልም። ዝናብ ሲሆን በሩ ቶሎ ይከፈትልኝ» ብትለው፣ «እሺ ልጄ» ብሎ አንድ መስመር ጨመረላት። በሬ መጥቶ «መኖ የተሸከመው ሁሉ በፊት በር እየተጋፋ ነው፤ ጭነት ያለው በጓሮ በር ይግባ» ሲለው ለእሱም ጨመረ። በጊቱ ደግሞ «በዝናብ እያነከሰ የሚመጣ እንግዳ አይመለስብን፤ ያሳዝናል» ብላ ዓይኗ እንባ ሲሞላ፣ እሷንም ማስከፋት አልፈለገም። እንዲህ እንዲህ እያለ ፕሮግራሙ እንደ ቀጋ ቁጥቋጦ እርስ በርሱ ተጠላለፈ። አባ ጃርት ራሱ ሲያነበው ይጠፋበት ጀመር። ይህን ግን ለማንም አልተናገረም። እንዲያውም «ይህን በር ከአባ ጃርት በቀር የሚረዳው የለም» ሲባል ሰምቶ በሆዱ ደስ ይለው ነበር።

ከዕለታት ባንዱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ እትዬ አህያ ከወንዝ ውኃ ጠጥታ ወደ ግቢው ተመለሰች። የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ስለነበር የምትራመደው ቀስ እያለች ነው። ከኋላዋ፣ ራቅ ብሎ፣ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ይከተላታል።

በሩ ፊት ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ የቆመበትን ሁሉ ይመዝናል። እትዬ አህያ ስትቆምበት በሩ እንዲህ አለ፦ «ክብደትሽ ጨምሯል። ጭነት ይዘሻል። በጓሮ በር ግቢ።»

እያለከለከች ዞራ ወደ ጓሮ ሄደች። የጓሮው በር ጀርባዋን አየና «ጭነት የለሽም። በፊት በር ግቢ» አላት።

ተመለሰች። «ጭነት ይዘሻል» አላት የፊቱ። ዞረች። «ጭነት የለሽም» አላት የኋላው።

«ኧረ ሆዴ ነው! ልጅ ነው የያዝኩት!» ብላ ጮኸች። በሩ ግን ስለ እርጉዝ የተጻፈለት ነገር አልነበረም።

አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ወጣና ሲያያት ቆየ። «እትዬ አህያ፣ ምን ያንከራትትሻል?» አላት አፉን እስከ ጥጉ ከፍቶ። «የእኔ በር ክፍት ነው እኮ!»

ከውስጥ አባ ጃርት ጩኸቱን ሰምቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተደፍቷል። «ጭነት ከሆነ… ዝናብ ካልሆነ… ፍየል ካልሆነች…» እያለ ያነባል። መሐል ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። የገዛ ሥራው፣ ዕድሜውን የፈጀበት ሥራ፣ የማያውቀው አገር ሆነበት።

ኪቦርዱን ትቶ ተነሣ። በአጥሩ ሥር ባለች ጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ወጣና በእትዬ አህያና በጅቡ መካከል ቆመ። እሾሁን ሁሉ አቁሞ፣ ጀርባውን ለጅቡ ሰጠ። ጅብ ሲርበው ማሰብ ይሳነዋልና፣ አያ ጅቦ ዘሎ ነከሰው። ወዲያውም አፍንጫው ላይ እሾህ ተሰክቶ «ውይ! ውይ!» እያለ ወደ ጫካው ፈረጠጠ።

በሬ አጥሩን በቀንዱ ጥሶ እትዬ አህያን አስገባት። ጎህ ሲቀድ ወንድ ውርንጭላ ወለደች። እንስሳቱ ሁሉ እልል ሲሉ፣ አባ ጃርት ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር።

«እርስዎ እኮ ነዎት ያተረፉኝ» አለችው እትዬ አህያ።

«ደጅ ያስቀረሁሽም እኔው ነኝ፣ ልጄ» አላት።

ረፋዱ ላይ፣ በተጣሰው አጥር በኩል እሜቴ ቀበሮ ብቅ አለች። በሬ ቀንዱን ሲያዘነብል፣ እሷ ጭራዋን አጥፋ ቁጭ አለች። «ለጠብ አልመጣሁም» አለች። «አባ ጃርት፣ በርዎ ስንት መንታ መንገድ እንዳለው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለ አባ ጃርት።

«እኔ አውቃለሁ። ሾልኮ መግባት የሚያምረው ሁሉ መንታውን ይቆጥራል። ባለቤቱ ራሱ የማያየው መንገድ የእኔ መንገድ ነው። አያ ጅቦም ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ የዝናቡንና የእንግዳውን ነገር ሲሰማ ነው የከረመው። ይጠብቁት፤ መምጣቱ አይቀርም።»

እንስሳቱ ደነገጡ። አባ ጃርት ግን ጠጋ አላት። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ጠጠር አምጡ» አለች ቀበሮ። «እርስዎ ፕሮግራሙን ጮክ ብለው ያንብቡ። ‹ከሆነ› ባሉ ቁጥር መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ያን ጊዜ አንድ ጠጠር አስቀምጣለሁ። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የየራሱ ክምር ይኑረው። ክምሩ ሲያድግ አንድ ጭንቅላት የማይችለው ነገር እዚያ አለ ማለት ነው።»

አባ ጃርት ማንበብ ጀመረ። መብራት የሚያበራው ትእዛዝ ትንሽ ክምር አወጣ። የውኃ ገንዳውን የሚሞላውም እንደዚያው። ስለ ማስገባት የሚናገረው ትእዛዝ ላይ ሲደርስ ግን ጠጠሩ መቆሚያ አጣ። ክምሩ ከአባ ጃርት አፍንጫ በላይ ሆነ፤ ከወዲያኛው በኩል የተቀመጠችው ቀበሮ ጆሮዋ ብቻ ይታይ ጀመር።

«ሌላውን አይንኩት» አለች ጆሮዋ እየተወዛወዘ። «ሥራው ያለው እዚህ ነው።»

አባ ጃርት ክምሩን ሲያይ አንገቱን ደፋ። «እያንዳንዷ ጠጠር እኮ የለመነኝ አለ» አለ ቀስ ብሎ። «በክፋት የጨመርኳት አንድም የለችም።»

«አውቃለሁ» አለች ቀበሮ። ድምጿ ከወትሮው ለስለስ ያለ ነበር። «እንግዲያው የለመኑዎትን አንድ በአንድ እንጥራቸው።»

ፍየል ተጠራች። «በሩ ሁልጊዜ ቶሎ የሚከፈት ቢሆን ስለ ዝናብ መጠየቅ ያስፈልግሻል?» አላት አባ ጃርት። ፍየል ጢሟን እያነቃነቀች አሰበችና «አያስፈልገኝም» አለች። ጠጠሯ ተነሣ። በሬ ተጠራ። «የፊቱ በር ሰፊ ቢሆን ኖሮ የጓሮውን ባልጠየቅኩ» አለ። ወዲያው ሄዶ የበሩን ግራና ቀኝ በቀንዱ ቆፍሮ አሰፋው፤ የጓሮው በርና የተጣሰው አጥርም በእሾህ ተደፈኑ። በዚህች ብቻ እፍኝ ሙሉ ጠጠር ከክምሩ ወረደ። በጊቱ ስትጠራ ገና ሳይጠይቋት «ገብቶኛል» አለች። «እንግዳ ሲመጣ እኛው ወጥተን እንየው። ማዘን የእኛ ሥራ ነው፤ በር ምን ያውቃል?»

እንዲህ እያሉ ሲቀንሱ ዋሉ። ክምሩ አጠረ። ቀበሮ ወደ አንዲት ጠጠር እያመለከተች «ይህችስ የማን ናት?» አለች።

አባ ጃርት ጠጋ ብሎ አያት።

«የእማማ ኤሊ ናት» አለ። «ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው። ከሩቅ ስትታይ በሩ እንዲጠብቃት ጽፌላት ነበር። ካለፈች ቆየች። አልሰረዝኩትም። ልሰርዘው ስል… ተመልሳ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር።»

ቀበሮ ጠጠሯን ለማንሣት የዘረጋችውን እጅ መለሰች። «ይቆይ ካሉ ይቆይ» አለች።

አባ ጃርት ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየ። እማማ ኤሊ የፈለገችው ምን ነበር? በሩ እንዳይቸኩልባት፣ እግሯ እስኪገባ እንዲታገሣት። ይህን ያልፈለገ ማን አለ? ዛሬ የተወለደው ውርንጭላ አይፈልገውም? እሱስ ራሱ፣ በዚህ ዕድሜው?

እሾሁን አንሥቶ ጻፈ፦ «ማንም ይሁን ማን፣ ገብቶ እስኪያበቃ ጠብቅ።» ከዚያ የእማማ ኤሊን ጠጠር በገዛ እጁ አነሣና በእጁ መዳፍ ውስጥ ጥቂት ያዛት። «ለሁሉም ሆነልሽ» አላት።

ማምሻው ላይ ክምር የሚባል ነገር አልቀረም። አንዲት ጠጠር ብቻ ነበረች። ትእዛዙም እንዲህ ይነበባል፦ «ከውጭ የሚጣራው ድምፅ ከግቢው ነዋሪዎች የአንዱ ከሆነ ክፈት፤ ገብቶ እስኪያበቃ ጠብቅ፤ ዝጋ።» ከሥሩ የነዋሪዎቹ ስም ከየድምፃቸው ጋር ተዘርዝሯል።

ያን ጊዜ እሜቴ ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ… ስለ ድካሜ… በጓሮ በኩል፣ ማንም የማያውቃት አንዲት መንታ ብቻ ለእኔ ቢጨምሩልኝ? ልጆቼን ክረምቱ ሳይመጣ ላስጠልል ብዬ ነው።»

አባ ጃርት በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «አይሆንም» አለ። የቀበሮ ጆሮ ተደፋ። እሱ ግን ቀጠለ፦ «መንታ አልጨምርልሽም። ስምሽን እጽፋለሁ። ከነልጆችሽ፣ በቀን፣ በፊት በር ትገቢያለሽ።»

ቀበሮ አፏን ከፍታ ቀረች። በፊት በር ግቢ ብሏት የሚያውቅ አልነበረም። በግቢው ዛፍ ላይ የሚያድሩት ዶሮዎች በጣም አጉረመረሙ፤ ለጥቂት ጊዜም ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ እየወጡ አደሩ።

አያ ጅቦ እንደተባለው መጣ። ዝናብ ሲጥል ጠብቆ፣ አንድ እግሩን በቅጠል ጠቅልሎ፣ እያነከሰ በሩ ፊት ቆመ። «ምስኪን እንግዳ ነኝ!» አለ በቀጭን ድምፅ። «ዝናብ እየመታኝ ነው! እያነከስኩም ነው!»

በሩ አልተከፈተም።

አያ ጅቦ ምናልባት እግሩ ይሆናል ብሎ በሌላው ማነከስ ጀመረ። «ጭነት አለኝ! ጭነት የለኝም!» አለ። «ኧረ ፍየል ነኝ! ሜ!»

በጊቱ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ አየችና «እንግዳስ አይደለም» አለች። እሜቴ ቀበሮ ከውስጥ ሳቋ አምልጧት «አያ ጅቦ፣ አሁን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ መልሱም አንተ አይደለህም!» አለችው። ቅጠሉን እየጎተተ፣ ዝናቡ እስከ አጥንቱ ዘልቆት ሄደ።

ዝናቡ አልፎ ሣሩ ሲያብብ፣ ውርንጭላው ከእናቱ ጋር ለግጦሽ መውጣት ጀመረ። በዚያው ሰሞን አባ ጃርት ታመመ። ትኩሳት አድክሞት ከጉድጓዱ አልወጣም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እንስሳቱ ሲመለሱ፣ እትዬ አህያ ልጇ ከኋላዋ ያለ መስሏት ገባች። በሩ ተዘጋ። ዞር ስትል የለም። ውርንጭላው ቢራቢሮ ሲያባርር ቀርቶ ኖሯል፤ ሮጦ ሲደርስ በሩ ተዘግቶበት «እማዬ!» እያለ ተጣራ። በሩ ግን አልተከፈተለትም፤ የእሱ ስም እንዲጻፍ ያሰበ አልነበረም። ከጫካው በኩል የጅብ ጩኸት ተሰማ።

«አጥሩን ብጥሰው ጅቡም አብሮ ይገባል፤ አባ ጃርትን ቀስቅሱ!» አለ በሬ። በጊቱ ሮጣ ተመለሰች። «ነፍሱን አያውቅም፤ አይነቃም!»

ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። በዚያ አገር ነገር የማይገባው ሰው ሲሰደብ በማን ስም እንደሚሰደብ እትዬ አህያ ታውቃለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታዋለች። ቢሆንም ልጇ ውጭ ነው። ሄዳ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች።

አነበበች። አንድ ጥያቄ ነው ያለው። «የነዋሪዎቹ የአንዱ ከሆነ…» ዓይኗ ወደ ስሞቹ ወረደ። ጃርት፣ በሬ፣ ፍየል፣ በግ፣ አህያ፣ ዶሮ፣ ቀበሮ። ውርንጭላ የለም። «ይኸው!» አለች። «የጎደለው ይኸው ነው!» በሰኮናዋ ጫፍ፣ ፊደል በፊደል፣ የልጇን ስም ጻፈች። ከዚያ ወደ አጥሩ ጮኸች፦ «አንድ ጊዜ ተጣራ የኔ ጌታ፣ በሩ ድምፅህን ይወቀው!»

ውርንጭላው ተጣራ። በሩ ተከፈተ። ልጁ በፍርሃት እግሩ ተሳስሮ አንዱን አስገብቶ አንዱን ቢያስቀርም፣ በሩ እስኪገባ ጠበቀው፤ ከኋላውም ተዘጋ።

ጠዋት አባ ጃርት ትኩሳቱ ለቆት ዓይኑን ሲገልጥ፣ እትዬ አህያ ከነልጇ አጠገቡ ነበረች። የሆነውን ነገረችው።

«ማን አሳየሽ?» አላት።

«ማንም አላሳየኝም» አለች። «አነበብኩት።»

ከአባ ጃርት በቀር የሚረዳው የለም ሲባል ደስ ይለው የነበረው ያ ሁሉ ዘመን በዓይኑ ዞረ። እንባው በጉንጩ ወረደ፤ የሐዘን ግን አልነበረም። ውርንጭላው ሊተሻሸው ሲጠጋ፣ አባ ጃርት እንዳይወጋው እሾሁን ሁሉ አንድ ሳያስቀር አስተኝቶ አቀፈው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌሎች የሚተማመኑበትን ነገር የሚሠራ ሁሉ የሥራውን ውስብስብነት ሳይፈራ እየለካ ማቅለል እንዳለበት፣ እሱ በሌለበት ቀን ሌላው አንብቦ እንዲረዳው አድርጎ መተውም ከፍቅር ሁሉ ትልቁ መሆኑን ነው።